የመምህርት አን ሱሊቫን የሕይወት ታሪክ፤ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ያስተምረናል?



የሔለን ኬለርን ስም ያልሰማ ሠልጣኝ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ዓይኗ ሳያይ፣ ጆሮዋ ሳይሰማ ተምራ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ መጻሕፍት የጻፈች፣ ዓለምን የዞረች ሴት መሆኗን ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ይህችን ሴት ያስተማረችው መምህርት ግን ማን ነበረች? በምን ጉልበት 49 ዓመት ሙሉ ከአንዲት ተማሪ ጎን ቆመች? ምንስ ከፈለችበት? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የመምህርት አን ሱሊቫንን ሕይወት ባጭሩ ልናቀርብ ተነሣን። የምንጠቅሳቸው የአሜሪካ ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፉን ያዘጋጀነው ሠልጣኞች የቆቦና የራያ ቆላ ልጆች ነን። ከመካከላችንም ልዩ ፍላጎት ትምህርትን የመረጥን አለን። ለማስተማር ልምምድ ወደ ቆላው በወጣን ጊዜ አንድ መምህር መስማት የተሳናቸውን፣ ማየት የተሳናቸውንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሕፃናት ባንድ ክፍል ይዞ ሲያስተምር አየን። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ማታ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልጆቻቸውን ቤት ያስቀሩ ወላጆችን ለማግባባት በየመንደሩ ይዞራል። እንዴት ያለ ጎበዝ ነው ብለን አደነቅነው። ኋላ ግን መታከቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሥራውንም ሊለቅ ማሰቡን ሲያጫውተን አድናቆታችን ወደ ሥጋት ተለወጠ። እሱ ቢሄድ እነዚያን ልጆች ማን ይረከባቸዋል? የአን ሱሊቫን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ትምህርት አለው።

ድህነትና የዓይን ሕመም

አን ሱሊቫን የተወለደችው ኤፕሪል 14 ቀን 1866 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ፊዲንግ ሂልስ በተባለች መንደር ነው። ወላጆቿ ከአየርላንድ የተሰደዱ ድሆች ነበሩ። አየርላንድን በ1840ዎቹ የመታት ታላቅ ረሃብ ሕዝቡን በመርከብ እያሳፈረ ባሕር ማዶ በትኖት ነበር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ከአያቶቻችን አፍ ለሰማን ለወሎ ልጆች እንዲህ ያለው ስደት እንግዳ ነገር አይደለም።

አን አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ዓይኗን ታመመች። በሽታው ትራኮማ ነበር። ትራኮማ ማለት እኛ አገር የዓይን ማዝ የምንለው ነው። ተላላፊ ነው፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻ ያሳውራል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበትና ፊት መታጠብ በሚቸግርበት በእኛ ቆላ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችን ያላየ የለም። ዛሬ በአማራ ክልል መድኃኒቱ በዘመቻ ይታደላል፤ የታጠፈውን ሽፋሽፍት የሚያቃና ቀዶ ሕክምናም ይሰጣል። በአን ዘመን ግን ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተች። አባቷ ልጆቹን ማሳደግ ስላቃተው በፌብሩዋሪ ወር 1876 አንና ታናሽ ወንድሟ ጂሚ ቴውክስበሪ ወደሚባል የድሆች መጠለያ ገቡ። መጠለያው በሽተኛውም፣ አእምሮው የታወከውም፣ ጧሪ ያጣው ሽማግሌም ባንድነት የሚኖርበት ቤት ነበር። ጂሚ ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያው ሞተ። አን ብቻዋን አራት ዓመት ያህል ኖረች። አንድ ቀን መርማሪዎች መጠለያውን ሊጎበኙ ሲመጡ እየጮኸች ወደ ትምህርት ቤት እንዲልኳት ለመነች። ልመናዋም ተሰማ።

በኦክቶበር 1880 ያኔ ቦስተን ከተማ ይገኝ በነበረው በፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ዕድሜዋ 14 ነበር፤ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። ግትርና ቁጡ ስለነበረች በመጀመሪያ ከመምህራኑ ጋር አልተስማማችም። በኋላ ግን የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በመጠኑ ማየት ቻለች፤ ትምህርቱንም ያዘችው። እዚያ ላውራ ብሪጅማን የምትባል ማየትም መስማትም የተሳናት ሴት ትኖር ነበር። አን ከሷ ጋር ለመጫወት ስትል የጣት ፊደልን፣ ማለትም በሌላው መዳፍ ላይ በጣት ፊደል እየሠሩ መነጋገርን ተማረች። በ1886 ከክፍሏ አንደኛ ሆና ስትመረቅ 20 ዓመቷ ነበር። ልብ እንበል፣ የአብዛኞቻችን ዕድሜ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማይክል አናግኖስ ከአላባማ ክፍለ ግዛት ከአንድ ቤተሰብ የመምህር ጥያቄ ሲደርሳቸው አንን መረጡ። አን ወዲያው አልሄደችም። ላውራ ብሪጅማን እንዴት እንደተማረች የሚገልጹትን መዛግብት ለወራት አጠናች። ከዚያ በኋላ ማርች 3 ቀን 1887 ተስከምቢያ ከተባለችው ከተማ ደረሰች። ሔለን ኬለር ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። በ19 ወሯ በያዛት ሕመም ዓይኗንም ጆሮዋንም አጥታለች። ቤተሰቡ ከማዘኑ የተነሣ ምንም አይከለክላትም፤ ከሁሉም ሰው ሳሕን እየዘገነች ትበላለች፤ የተቆጣት እንደሆነ ትማታለች፣ ትነክሳለች።

አንና ሔለን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታገሉ ማለት ይቻላል። አን ወላጆቹን አስፈቅዳ ከልጅቷ ጋር በግቢው አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻ ተቀመጠች። ሔለን መታዘዝ ጀመረች። በኤፕሪል 5 ቀን 1887 በውኃ ቧንቧው ዘንድ አን የሔለንን አንድ እጅ ውኃው ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ የውኃን ስም ስትሠራባት ልጅቷ ማንኛውም ነገር ስም እንዳለው ድንገት ተረዳች። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት አወቀች። ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የማይነገረው ግን ሌላው ነው። አን በዚያ ጊዜ ከቤቷ ርቃ፣ ዓይኗን እያመማት፣ የሥራ ባልደረባ በሌለበት ቤት የምትኖር ወጣት ነበረች። ታዲያ እንዴት ቻለችው? ሁለት ነገር ረዳት። አንደኛው፣ የልቧን የምትጽፍላት ሰው ነበረቻት። በፐርኪንስ እንደ እናት ስትጠብቃት ለነበረችው ለሶፊያ ሆፕኪንስ ደብዳቤ ትልክ ነበር። የከሸፈባትንም፣ የተሳካላትንም፣ ያናደዳትንም ሁሉ ትጽፍላታለች። ሁለተኛው፣ ሥራውን እንደ ሁኔታው ማስተካከል ታውቅ ነበር። መጀመሪያ በሰዓት የተከፋፈለ ደረቅ ትምህርት ሞክራ ሳይሆንላት ሲቀር ተወችው። ለሕፃን ቋንቋ እንደሚነገረው ቀኑን ሙሉ በመዳፏ እያወራች፣ በሜዳና በዛፍ ጥላ ሥር እየዞሩ ማስተማር ጀመረች። ልጅቷም አልተሰላቸችም፤ መምህርቷም ንጹሕ አየር አገኘች።

ሸክሙ ሲከብድ

ከ1888 ጀምሮ አን ሔለንን ይዛ ወደ ፐርኪንስ ትመላለስ ነበር። በ1890 ሔለን አፍ አውጥታ መናገር መማር ስትፈልግ አን ሁሉን እኔው ላስተምር አላለችም። መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምር ወደነበረችው ወደ ሳራ ፉለር ወሰደቻት። ባልደረባን ማማከር ውርደት አይደለም።

በ1896 ሔለን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ገባች። ያኔ ጠብ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አርተር ጊልማን ልጅቷ ከአቅሟ በላይ እየተማረች ነው፣ ፍጥነቱ ይቀነስ አሉ። አን ደግሞ አይቀነስም አለች። ነገሩ ከሮ ኃላፊው በ1897 መምህርቷንና ተማሪዋን ሊለያዩ ሞከሩ። ሔለን እምቢ አለች፤ እናቷም መጥተው ካዩ በኋላ ሁለቱ ባንድ ላይ እንዲቆዩ ፈቀዱ። ኃላፊው ሊለያዩአቸው መሞከራቸው ትክክል ነበር አንልም። ይሁን እንጂ የሥራውን ብዛት በሚመለከት የተነሣው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አለፈ።

ዋጋው በራድክሊፍ ኮሌጅ ታየ። ሔለን ከ1900 እስከ 1904 እዚያ ስትማር አን በየክፍሉ አጠገቧ ተቀምጣ ፕሮፌሰሩ የሚናገረውን ሁሉ በመዳፏ ላይ ታስተላልፍ ነበር። በብሬይል የታተመ መጽሐፍ ጥቂት ስለነበረ ከክፍል መልስ ደግሞ በዚያ በታመመ ዓይኗ በቀን ለብዙ ሰዓት እያነበበች በጣቷ ታስተላልፍላታለች። ሐኪሞች ዓይኗን እንድታሳርፍ ቢነግሯትም አላረፈችም። ሔለንም የመምህርቷን ዓይን ለማትረፍ ስትል ያልያዘችውን ምዕራፍ ይዤዋለሁ የምትልበት ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ እናስተውል። መምህር ሲዝል ተማሪው ያውቃል፤ ሸክሙንም በስውር መሸከም ይጀምራል። በ1904 ሔለን በማዕረግ ተመረቀች። እኩል የደከመችው አን ግን ዲግሪ አልተሰጣትም።

በ1905 አን ጆን ሜሲን አገባች። ጆን በሃርቫርድ ያስተምር የነበረ፣ የሔለንን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በማዘጋጀት የረዳ ሰው ነው። ሦስቱም ባንድ ቤት ኖሩ። በ1914 ግን ባልና ሚስቱ ተለያዩ። ትዳሩ የፈረሰው በሥራ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አንችልም፤ የገንዘብ ችግርም ሌላም ነገር ነበረበት። ቢሆንም መምህርቷ ሌት ተቀን የሌላ ሰው ዓይንና ጆሮ በሆነችበት ቤት ለትዳር የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል እንደነበረ አንባቢ ይገምት።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው በ1913 የሆነው ነው። ሁለቱ ንግግር ለማሰማት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞሩ አን በአንድ ሆቴል ውስጥ በጠና ታመመች። ሔለን ስልክ መደወል አትችልም፤ ቦታውን አታውቀውም፤ በጣት ፊደል የሚያናግራት ሰውም የለም። በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ያ ሰው በወደቀ ቀን አብሮ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ሔለን ቀደም ሲል እምቢ ያለችውን ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ሊሰጣት ያሰበውን የጡረታ ገንዘብ ተቀበለች። በ1914 ደግሞ ፖሊ ቶምሰን የምትባል ስኮትላንዳዊት ወጣት ተቀጠረች። ፖሊ የጣት ፊደሉን ተምራ በቤት ሥራውም፣ በጉዞውም፣ በመልእክቱም ረዳት ሆነች።

ዕረፍትና የመጨረሻው ዘመን

በ1916 ሐኪሞች አን የሳምባ ነቀርሳ ይዟታል አሏት። እናቷን የገደለው በሽታ ነውና ድንጋጤው ቀላል አልነበረም። ከፖሊ ጋር ሆና ሙቀት ወዳላት ደሴት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደች። በገጠር ቀላል ቤት ተከራይታ እስከ 1917 ጸደይ ድረስ ተቀመጠች። ዕቅድ የለ፣ ቀጠሮ የለ፤ ፀሐይ መሞቅና ባሕሩን ማየት ብቻ። ለሔለን በብሬይል በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ያገኘችውን ደስታ ገልጻለች። ኋላ ምርመራው ስሕተት እንደነበረና ነቀርሳው እንዳልያዛት ታወቀ። እንግዲህ የሕይወቷን ረጅሙን ዕረፍት ያገኘችው በተሳሳተ የሐኪም ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። መምህር ለማረፍ እስኪታመም መጠበቅ አለበት? እኛ የለበትም እንላለን። ሔለንም በነዚያ ወራት ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ኖረች፤ ሰማይ አልተደፋም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሥራ አለፉ። ከ1920 ጀምሮ ለኑሮ ሲሉ በቴአትር መድረክ ላይ ትርዒት አሳዩ። የመድረኩ መብራት የአንን ዓይን ሲጎዳው ፖሊ እየተካቻት ትወጣ ነበር። ከ1924 ጀምሮ ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ድርጅት ሠሩ። በ1929 የአን ቀኝ ዓይን በሕመም ምክንያት ወጣ። በ1932 ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሰጣት። በመጨረሻ ዘመኗ ፈጽሞ ማየት ተሳናት። ኦክቶበር 20 ቀን 1936 በ70 ዓመቷ ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈች። ዐፅሟ ዋሺንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ካቴድራል ተቀመጠ።

ሔለን ከመምህርቷ በኋላ 32 ዓመት ኖራ በ1968 ነው የሞተችው። ከነዚህም ውስጥ እስከ 1960 ድረስ ፖሊ ቶምሰን አብራት ነበረች። ሁለተኛ እጅ ባይዘጋጅ ኖሮ ሔለን በ1936 ምን ይውጣት ነበር?

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ብዙ ጊዜ መምህር ሻማ ነው፣ ለሌላው እያበራ እሱ ይቀልጣል ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ያምራል። ሻማው ቀልጦ ሲያልቅ ግን ክፍሉ ይጨልማል። እኛ መምህር እንደ ኩራዝ ቢሆን እንመርጣለን። ኩራዝ ጋዝ ሲጨመርለት ነገም ይበራል። በመሆኑም ከአን ሱሊቫን ሕይወት የሚከተሉትን ወስደናል።

አንደኛ፣ ሸክሙን ማካፈል። አን ብቻዋን በያዘችው ጊዜ ዓይኗ ተጎዳ፤ ሳራ ፉለርና ፖሊ ሲጨመሩ ሥራው ቀጠለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ምልክት ቋንቋውን ለወላጆች፣ ለታላቅ ወንድምና እኅት፣ ለክፍል ጓደኞችም እናስተምር። በራያ ቆላ እህል በደቦ ይታጨዳል፤ የትምህርት መርጃ መሣሪያስ በደቦ ቢዘጋጅ ምን ችግር አለው? ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ እንኳ ማማ ላይ ሲውል ተራ የሚቀይረው አለ።

ሁለተኛ፣ የሥራና የቤት ሰዓትን መለየት። የአን ሥራ ቤቷ ውስጥ ስለነበረ መለየት አስቸጋሪ ነበር። እኛ ግን የምንወጣበት በር አለን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ለቤተሰብ፣ ለጨዋታ፣ ለቡናው፣ ለእንቅልፍም ጊዜ እንስጥ። ወላጅን ማነጋገር ካስፈለገ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይወሰንለት እንጂ ሰባቱም ቀን አይሁን።

ሦስተኛ፣ የልብን የሚያካፍሉት ሰው ማግኘት። አን ሶፊያ ሆፕኪንስ ነበረቻት። ወሎ ውስጥ የከፋው ሰው አብሽር ይባላል። ይህ ቃል ትንሽ ይመስላል እንጂ መምህር ለመምህር ሲለው ብዙ ያነሣል። ተመድበን ከተበታተንን በኋላም እንጻጻፍ፣ እንደዋወል።

አራተኛ፣ መዛል ሲመጣ ቶሎ መናገር። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ የሚወዱትን ልጅ ማየት መጥላት፣ ጠዋት ወደ ክፍል ለመሄድ እግር አልነሣ ማለት ምልክቶች ናቸው። ስንፍና አይደሉም። በጊዜው ከተነገሩ መፍትሔ አላቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በመምህሩ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። አን አንዲት ተማሪ ነበረቻት፤ እኛ የሚጠብቀን ብዙ ነው። ለአንድ መምህር ሦስት ዓይነት ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ባንድ ክፍል ሰጥቶ ደግሞ እረፍ ማለት ቀልድ ነው። ርእሰ መምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ረዳት መምህር፣ ብሬይልና መሣሪያ፣ የተተኪ ተራም ሊያዘጋጁ ይገባል። ካርኔጊ ገንዘቡን ባይሰጥ ፖሊም ባልመጣች፣ የአን ብርታት ብቻውን ባልበቃ ነበር።

የቆላው ልጆች የሚፈልጉት ለአንድ ዓመት ነድዶ የሚጠፋ መምህር አይደለም። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት እያስተማረ አብሯቸው የሚዘልቅ መምህር ነው። ስለዚህ ራሳችንን ስንጠብቅ የምንጠብቀው እነሱን ጭምር መሆኑን ተረድተን ወደየምድባችን እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ ላይ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ሠልጣኞች ጽፋችሁ በጋዜጣው ሣጥን ብታስገቡ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።